ከአቃቂ እስከ ዝዋይ ሐይቅ፦ የልጄን ገመድ ይዤ

ሐሙስ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከአቃቂ ስንነሳ ፒክአፗ የጫነችው ስድስት የአየር ሲሊንደር፣ ሁለት የጠላቂ ልብስ፣ በእጄ የበየድኩት አንድ የብረት ክፈፍ፣ አንድ ያረጀ ኮምፕረሰርና እኔን ነበር። ከጭነቱ ሁሉ በዕድሜ የምበልጠው እኔ ብሆንም ቦታ የተሰጠኝ በመጨረሻ ነው። ኮምፕረሰሩ ተደላድሎ እስኪታሰር ድረስ ደጃፌ ላይ ቆሜ ጠበቅሁ።

ታደሰ እባላለሁ። እዚሁ አቃቂ፣ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጥገና ክፍል ሠላሳ አራት ዓመት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። አሁን ጓሮዬ ባለች የቆርቆሮ ወርክሾፕ ውስጥ የሰፈሩን የተሰበረ ነገር ሁሉ እጠግናለሁ። የመጨረሻ ልጄ ብሌን አርኪዮሎጂስት ናት። የሙያ ጓደኞቿ የጥንት ሰው የሠራውን ለማግኘት መሬት ሲቆፍሩ እሷ ሲሊንደር ተሸክማ ውሃ ውስጥ ትገባለች። አገራችን ባሕር የላትም ብዬ ተከራክሬያት ነበር፤ «ሐይቅ አለን አባዬ» ብላ ዘጋችኝ። ሲሊንደሮቹን በአየር የሚሞላው ኮምፕረሰር ደግሞ አመለኛ ነው። ሁለት ጊዜ ስለጠገንኩት ከእኔ በቀር ለማንም አይታዘዝም። በዚህ ሰበብ ለአራት ቀን አብሬያቸው እንድሄድ ተለመንኩ።

ለሰው የምነግረው ምክንያት ይኼ ነው። ሌላውን የሰጠችኝ ባለቤቴ የሺ ናት። ልጃችን ውሃ ውስጥ መግባት ከጀመረች ወዲህ የሺ ደህና እንቅልፍ ተኝታ አታውቅም።

«ሂድና በዓይንህ እየው» አለችኝ ዋዜማውን ልብሴን እያጣጠፈች። «ይሁን ካልከኝ ዳግመኛ አፌን አልከፍትም። አይሁን ካልክ ግን የምትነግራት አንተው ነህ።»

ሐሙስ ንጋት ብሌን ለመለኪያ የበየድኩላትን ክፈፍ ለመውሰድ ወርክሾፑ ገባች። እንደ ልማዷ ግድግዳው ላይ ከሰቀልኩት መዶሻ ፊት ቆመች። መዶሻው የአባቴ ነው፤ አባቴ አቃቂ ባቡር ጣቢያ የሐዲድ ሠራተኛ ነበር። እሱ ካረፈ በኋላ አጽድቼ፣ እጀታውን ቫርኒሽ ቀብቼ ሰቀልኩት፤ ያየው ሰው ሁሉ ያደንቀዋል። ብሌን ብቻ በመጣች ቁጥር ዓይኗን አጥብባ ታየውና ምንም ሳትል ትወጣለች። ልጅ ሳለች በዚህ መዶሻ ተቀይማኝ እንደነበር ትዝ ይለኛል፤ የልጅ ነገር ብዬ ትቼዋለሁ።

በመንገድ ላይ

መኪናውን የሚነዳው ሰሚር ነው። እሱም ጠላቂ ነው፤ አባቱ ሳሪስ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ያለው የስልጤ ነጋዴ ነው። ልጁ ሱቁን ትቶ ውሃ ውስጥ ድንጋይ እንደሚፈልግ ለደንበኞቹ ማስረዳት አባቱን እንደሰለቸው ሰሚር ራሱ እየሳቀ አጫወተኝ። አሮጌውን መንገድ ይዘን ገላንን፣ ዱከምን አለፍን። ኮንቴይነር የጫኑ ከባድ መኪናዎች ተከታትለው ስለሚሄዱ ቢሾፍቱ ለመድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀብን። እዚያ ጨጨብሳ በማር በላን፤ ለሦስታችን ሻዩን ጨምሮ አምስት መቶ አርባ ብር። እኔ ልከፍል ስል ሰሚር ቀደመኝ።

ከሞጆ ወደ ደቡብ ስንታጠፍ አየሩ ሞቀ፤ ሹራቤን አወለቅሁ። ቆቃ ድልድይ አጠገብ ልጆች ዓሣ በገመድ አንጠልጥለው ያሳያሉ። መቂ ደግሞ መንገዱ ግራና ቀኝ በቲማቲም ሣጥን ተሞልቷል። ብሌን ሥራዋን በዝርዝር የነገረችኝ እዚያ ነው። ዝዋይ ሐይቅ ውስጥ፣ ከአንዲት ደሴት አጠገብ፣ ውሃው ሥር የተደረደረ ድንጋይ አግኝታለች። የድሮ ሰዎች ጀልባ የሚያስጠጉበት ወደብ ይመስላታል፤ ግን ድንጋይ በተፈጥሮም ተሰልፎ ይገኛል።

«ሰኞ ሪፖርት አስገባለሁ» አለች። «ሰው የሠራው መሆኑን የሚያሳይ ነገር ካላገኘሁ ፈቃዱ አይታደስም። ሥራው እዚህ ላይ ያበቃል አባዬ። ሁለት ዓመት የለፋሁበት ነው።»

ስታወራ መስኮቱን እንጂ እኔን አላየችም። የምትፈራ ልጅ እንዳልሆነች አውቃለሁ፤ ያን ጊዜ ግን ፈርታ ነበር።

አምስት ሰዓት ላይ ባቱ ገባን። ከተማዋን በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው አሁንም ዝዋይ ይላታል። የትኛዋ ደሴት እንደሆነች አልጽፍም። ብሌን አስምላኛለች፤ ስሙ በወጣ ማግስት ወርቅ ተቀብሯል ብሎ ዶማ ይዞ የሚመጣ አይጠፋም።

ዓርብ፣ ጀልባ ላይ

ጀልባው የአባባ ዳዊት ነው። ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፤ ደሴቲቱ ላይ ተወልደው እዚያው የኖሩ ዓሣ አጥማጅ ናቸው። ሞተሩን የሚያስነሳላቸው ሰው ቢያስፈልጋቸውም ሐይቁን የሚያዩበት ዓይን ግን ከእኔ የተሻለ ነው። ቦታውን ለብሌን ያሳዩአትም እሳቸው ናቸው።

«ልጅ ሆነን መቅዘፊያችን የሚሰበረው እዚች ላይ ነበር» አሉኝ። «አባቴ፣ የቀደሙት ሰዎች በር ነው፣ አትርገጡት ይለን ነበር።»

እኔ ጠላቂ ማለት በጠራ ውሃ ውስጥ ከዓሣ ጋር የሚንሸራሸር ሰው ይመስለኝ ነበር። የዝዋይ ውሃ ግን ድፍርስ ነው፤ የተዘረጋ ክንድ ጫፍ ላይ ያለ እጅ አይታይም። ስለዚህ የሚሠሩት በዳሰሳ ነው። አንዱ ወገቡ ላይ ገመድ ታስሮ ይገባል፣ ሌላው ልብሱን ለብሶ ለእርዳታ ይጠብቃል፣ ሦስተኛው ገመዱን ይይዛል። ኮምፕረሰሩ ያን ቀን አመል ስላላወጣ ገመዱን የመያዝ ሥራ ለእኔ ደረሰ።

ቋንቋው አጭር ነው። እኔ አንድ ጊዜ ብስብ «ደህና ነሽ?» ማለት ነው፤ እሷም አንድ ጊዜ ትመልሳለች። እሷ ሁለት ጊዜ ከሳበች «ገመድ ልቀቅልኝ»፣ አራት ጊዜ ከሳበች «አውጡኝ»። ብሌን ከጀልባው ጠርዝ ወደ ኋላዋ ተገልብጣ ገባች። ውሃው ተዘጋ፤ አረፋ ብቻ ቀረ። አንድ ጊዜ ሳብኩ፤ መለሰች። እስከ አምስት ቆጥሬ እንደገና ሳብኩ፤ መለሰች። እንደገና ሳብኩ።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ብቅ አለች፤ ማስኩን አነሳች።

«አባዬ፣ መለኪያውን በያዝኩ ቁጥር ትስበኛለህ! አንድም ድንጋይ አልለካሁም።»

ሰሚር ሳቁን መያዝ አልቻለም። «ጋሼ፣ ልጅቷ ስልክ አይደለችም እኮ። በየደቂቃው አይደወልም።»

አባባ ዳዊት ገመዱን ከእጄ ወስደው እንዴት እንደሚያዝ አሳዩኝ። መጭበጥ አያስፈልግም፤ በሁለት ጣት ላይ አሳርፎ መተው ነው። «ዓሣ ስትጠብቅ መረቡን ትጎትታለህ እንዴ? እጅህ ላይ ይናገር ተወው» አሉኝ። እንዳሉኝ አደረግሁ። ከዚያ በኋላ የሆነው ደስ የሚል ነገር ነው። ገመዱ ትንሽ ሲረግብ ወደ ፊት መሄዷን፣ ቀጥ ሲል መቆሟን፣ ስስ ብሎ ሲንቀጠቀጥ በእጇ እየዳሰሰች መሆኑን ለየሁ። ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ላይ እጄን ጭኜ ጤናውን የማውቀው እንዲሁ ነበር። ልጄ አንድ ሜትር ትሄዳለች፣ ትቆማለች፣ ትለካለች፣ ልኬቱን በቃሏ ትይዛለች፣ እንደገና ትሄዳለች። በሕይወቷ ይህን ያህል ትዕግሥት እንዳላት አላውቅም ነበር።

አንድ ጊዜ ብቻ አባባ ዳዊት እጃቸውን አነሱ። ቄጠማው ዳር ሁለት ጆሮ ይታያል፤ ጉማሬ። ሰሚር ገመዱን ከእኔ ወስዶ ደጋግሞ በመሳብ ጠራት፤ እስኪርቅ ድረስ ጀልባው ላይ ተቀምጠን ጠበቅን። እኔ ዓይኔን ከጆሮዎቹ ላይ ሳልነቅል እሷ የለካችውን በእርሳስ ትጽፍ ነበር።

ምሳ የበላነው ከተማው ውስጥ ነው። ዝዋይ ድረስ ሄዶ ሽሮ የበላ ሰው እኔ ነኝ፤ ዓርብ ዓሣ አልበላም። ሰሚር ባለ ሦስት መቶ ሃምሳ ብር የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣውን ሆን ብሎ ወደ እኔ አስጠግቶ ነው የበላው።

ቅዳሜ፣ ከሰዓት በፊት

ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ገመዱ ቆመ። ለረጅም ጊዜ ቆመ። ልስብ እጄን ዘረጋሁና ተውኩት። ሁለት ጊዜ ተሳበ፤ ለቀቅሁ። ብሌን ስትወጣ በሁለት እጇ አንድ ነገር አቅፋ ነበር፤ ሰሃን የሚያክል፣ ጭቃና ዝገት የጠጣ የብረት ቀለበት። የዓሣ መረብ ጎትቶ ከድንጋዮቹ መሃል ነቅሎታል፤ እንዲያ ባይሆን ታች ትታው ነበር የምትወጣው። የሐይቁን ውሃ የሞላ ባልዲ ውስጥ አስገብታ ከደነችው። ፊቷ በርቶ ነበር።

«ጀልባ የሚታሰርበት ሊሆን ይችላል» አለች። ወዲያው ደግሞ ራሷን ገታች። «ከጀልባ የወደቀ ብረት ነው ቢሉኝስ? ላብራቶሪ ሳይገባ ምንም አልልም።»

ዳር ደርሰን እሷና ሰሚር ከአባባ ዳዊት ጋር የድንጋዩን መስመር ከየብስ በኩል ለመለካት ሄዱ። እኔ ሲሊንደር ለመሙላት ቀረሁ። ኮምፕረሰሩ ሥራውን ጨርሶ ዝም ሲል ዓይኔ ባልዲው ላይ አረፈ። ከፍቼ አየሁት። ብረት ውሃ ውስጥ! የተማሩ ልጆች ብረት ውሃ ውስጥ ትተው ይሄዳሉ? ሠላሳ አራት ዓመት የታገልኩት ጠላት ዝገት ነው። አዘንኩላቸው፤ እውነቱን ለመናገር ደስም አለኝ። በመጨረሻ ልጄን በማውቀው ሥራ የምረዳበት ነገር ተገኘ።

አወጣሁት። በጨርቅ አደረቅሁት። በናፍጣ ነክሬ፣ ከመሣሪያ ሣጥኔ የሽቦ ብሩሽ አውጥቼ ጀመርኩ። ዝገቱ በቅርፊት በቅርፊት እየተነሳ ጨርቁ ላይ ወደቀ፤ ሥሩ ጥቁሩ ብረት ታየ። ሳታየኝ ጨርሼ ላስደንቃት ብዬ ፈጠንኩ። ከግማሽ በላይ እንዳጸዳሁ የእግር ኮቴ ሰማሁ።

ብሌን አልጮኸችም። መጮኋን እመርጥ ነበር። ቀስ ብላ ብሩሹን ከእጄ ወሰደች፣ መሬት ላይ አስቀመጠችው፣ አጠገቡ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ዝገቱ እኮ ነው ማስረጃዬ።»

ድምጿ እየተሰበረ አስረዳችኝ። ብረት ውሃ ውስጥ ሲዛገ የነካውን ነገር ቅርጽ ይይዛል። እንጨት ቢሆን የእንጨቱን፣ ጨርቅ ቢሆን የጨርቁን። ዕቃው ራሱ በስብሶ ይጠፋል፤ መልኩ ዝገቱ ላይ ይቀራል። ቀለበቱ ምን እንደታሰረበት የሚናገረው ያ ቅርፊት ነበር። እኔም በሽቦ ብሩሽ ጠረግሁት።

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ያፈርኩበትን ጊዜ አላስታውስም። ሰሚርም እንደ ልማዱ አልቀለደም። ተንበርክኬ ያልነካሁትን ጥግ አየሁት፤ ሌላ የማይበት ስላልነበረኝ ነው። የአውራ ጣት ስፋት ያህል ቀርቷል። መነጽሬን አደረግሁ። ዝገቱ ላይ ሰያፍ ሰያፍ መስመር አለ፣ እርስ በርሱ የተጠማዘዘ።

«ብሌን» አልኳት፣ «ይኼ እኮ ግምድ ነው። ሁለት ክር፣ ወደ ግራ የተገመደ።»

ቀና አለች። «እርግጠኛ ነህ?»

«ክር ነው ያሳደገሽ። በዚህ አልሳሳትም።»

አጉሊ መነጽሯን አውጥታ ረጅም ጊዜ አየች። አባባ ዳዊት ምን እንደምናይ ጠየቁንና ነገርናቸው። ወደ ጀልባቸው ሄደው ማሰሪያቸውን ይዘው መጡ። የገዙት ላስቲክ ገመድ አይደለም፤ ሐይቁ ዳር ከሚበቅል ተክል ልጥ ጭናቸው ላይ አሽተው የገመዱት ነው። ከቀለበቱ አጠገብ አስቀመጡት። ሰያፉ አንድ ዓይነት ነው፤ ሁለት ክር፣ ወደ ግራ።

«አባቴ ያስተማረኝ እንዲህ ነው» አሉ። «እሱንም አባቱ።»

ብሌን አባባ ዳዊትን አቀፈቻቸው። ከዚያ የሙያዋ ሰው ሆነች። «ገመድ እንደታሰረበት ያሳያል። የማን ገመድ እንደሆነ አያሳይም። ከዚህ በላይ አልጽፍም» አለች። እንዲህ ስትል ኮራሁባት።

ቀለበቱ ደርቆ እንዳይሰነጠቅ ወደ ባልዲው ተመለሰ። ብሌንና እኔ ጨርቁ ላይ የወደቀውን ቅርፊት አንድ በአንድ በወረንጦ እየለቀምን በትናንሽ ከረጢት ውስጥ አስገባን፤ በእያንዳንዱ ላይ ነጭ የላስቲክ ካርድ፣ ካርዱ ላይ በእርሳስ የተጻፈ ቁጥር። ሦስት ሰዓት ፈጀ። ጉልበቴ ቢያመኝም አልተነሳሁም።

ማታ የመመዝገቢያውን ቅጽ ስትሞላ አጠገቧ ነበርኩ። መጠን፣ ጥልቀት፣ የተገኘበት ቀን። «ጉዳት» የሚለው ቦታ ላይ እርሳሷ ቆመ።

«ምነው?» አልኳት።

«የቡድኑ መሪ እኔ ነኝ። አባቴን ይዤ መጥቼ ቅርስ አስፋቅሁ ብዬ ልጻፍ? ይኼን አይተው ነው ሥራውን የሚዘጉት።»

«ካልጻፍሽውስ?»

እርሳሱን በጣቷ መሃል አሽከረከረች።

«ፋብሪካ እያለን ማሽን የሰበረ ሰው ስሙን መዝገቡ ላይ በራሱ እጅ ይጽፍ ነበር» አልኳት። «አለዚያ የማታው ፈረቃ የሚገባው ልጅ ይወቀስበታል። ነገ ይኼን ብረት የሚያየው ሰው፣ ጥንትም እንዲህ ልሙጥ ነበር ብሎ ይሳሳታል። ስሜን ጻፊው።»

እርሳሱን ለእኔ ሰጠችኝ። በራሴ እጅ ጻፍኩት፦ በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ ከግማሽ በላይ ዝገቱ ተነስቷል፤ የፋቀው የቡድኑ መካኒክ ታደሰ ነው። ብሌን አነበበችውና ፈረመችበት። ጎኔን ተደግፋ ተቀመጠች፤ ካደገች ወዲህ እንዲያ ተደግፋኝ አታውቅም።

እሁድ፣ ወደ ቤት

አባባ ዳዊት ከቅዳሴ መልስ ዳር ድረስ ሸኙን። ለየሺ ሁለት ትልልቅ ቆሮሶ ሰጡን፤ ገንዘብ አልቀበልም አሉ። መቂ ላይ ሰሚር ለእናቱ ሽንኩርት ገዛ። ባልዲው መኪናው ውስጥ ሁለት እግሬ መሃል ነበር፤ ጉድጓድ ባገኘን ቁጥር በሁለት እጄ ደገፍኩት። ብሌን በመስታወት ዓይታኝ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ።

አቃቂ የገባነው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። የባጃጁ ጩኸት፣ የታክሲው ረዳት ጥሪ፣ ሁሉም እንደተውነው ነው። የሺ በር ላይ ነበረች። ዓሣውን ተቀበለችኝ፤ ዓይኗ ግን መልሱን ይጠይቃል።

«እንዴት ነው?»

«ገመዷን ይዤ ዓይቻታለሁ» አልኳት። «ይሁን።»

ነጠላዋን አስተካከለች። «እሺ» አለች፤ ቃሏን ጠብቃ ከዚያ ሌላ አልጨመረችም።

እራት ሳልበላ ወርክሾፔ ገባሁ። መዶሻው ፊት ቆምኩ። ብሌን የተቀየመችኝ ለምን እንደሆነ አሁን ጥርት ብሎ መጣልኝ። የአባቴ መዶሻ እጀታ ጥቁር ነበር፤ የሐዲድ ዘይትና ላብ የጠጣ፣ አውራ ጣቱ የሚያርፍበት ቦታ ጎድጉዶ የቀረ። አርባው በወጣ ሰሞን በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ፣ አስተካክዬ፣ ቫርኒሽ ቀባሁት። አባቴን ያከበርኩት መስሎኝ ነበር። ያኔ ብሌን የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች፣ አያቷን አባባ ነበር የምትለው፤ «የአባባ እጅ የት ሄደ?» ብላ አለቀሰች፤ እኔ ሳቅሁባት።

ከኪሴ አንድ ነጭ የላስቲክ ካርድ አወጣሁ። በእርሳስ ጻፍኩበት፦ መዶሻ። የአባቴ። በእጀታው ላይ የነበረው የእጁ ቦታ ተፍቋል። የፋቅሁት ልጁ ታደሰ ነኝ። በሽቦ አስሬ ከመዶሻው ሥር ሰቀልኩት።

ከዚህ ጉዞ ምን ተማርክ የሚለኝ ካለ፣ ሰው አንድን ነገር ወልውሎ ለማሳመር ከመነሳቱ በፊት ምን እንደሚጠርግ ይጠይቅ እላለሁ። አሁን ወርክሾፔ ብረት ይዞ የሚመጣ ሁሉ «መጀመሪያ የማን ነበር?» የሚል ጥያቄዬን ይሰማል። የሰፈሩ ሰው «አርጅቷል» እያለ ይስቅብኛል፤ ግድ የለም።

በሳምንቱ፣ ሰኞ ማታ፣ ብሌን መጣች። ሪፖርቱን አስገብታለች፤ ጉዳቱን አንብበው ብዙ ጠይቀዋታል፣ ገስጸዋታልም። ፈቃዱ ግን ታድሷል። የሺን ሳመቻት፣ ወደ እኔ ወደ ወርክሾፑ መጣች፣ ካርዱን አየችው። ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከጆሮዋ ላይ እርሳሷን አንስታ ከጽሑፌ ሥር አንድ መስመር ጨመረች።

ተጠግቼ አነበብኩ፦ ከብረቱ ሥር፣ ብርጭቆ ወረቀቱ ያልደረሰበት፣ የጣት ስፋት ያህል ቀርቷል።

መዶሻውን አውርጄ መብራቱ ሥር ያዝኩት። እውነቷን ነው። እጀታው ወደ ብረቱ ከሚገባበት አፍ ላይ፣ ጥቁር፣ ዘይት የጠጣ የአባቴ እንጨት አለ። ልጄ ይህን ሁሉ ዓመት ዓይኗን አጥብባ ስታይ የኖረችው እሱን ነበር።